ተዝካሩ የወጣለት አስተማሪ

ባለፈው ሰሞን የሰፈር ልጆች አጥራችን ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፉ፣ ያ የተቀቀለ ዱቄት ሙጫ ሽታ፣ ቆይቶ መኮምጠጥ የጀመረው፣ ደጃፌ ላይ አቆመኝና የመቱ ከተማውን የልጅነት ቤቴን፣ ከሞት መጣ የተባለውንም ወንድሜን ደረጀን አመጣብኝ።

ደረጀን ያወቅሁት በለቅሶው ነው። አባታችን ኦጋዴን ላይ ሲሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር፤ እሱን ደግሞ መንግሥት ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ኩባ ወሰደው። ጥቂት ዓመት ደብዳቤ ሲመጣ ቆይቶ ቀረ። ከጎሬ የመጣ አንድ ነጋዴ «እዚያው በበሽታ ሞቷል አሉ» ብሎ ተናገረና፣ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ለቅሶ ተቀመጠች፣ ተዝካሩም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ «ነፍሱን ይማር» ሳይባል አይነሳም ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ በተሰባበረ አማርኛ ቤታችንን እየጠየቀ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ አልጮኸችም፣ አልሳመችውም።

«የልጄን መልክ ለብሰህ የመጣህ፣ ከቡናው ማስቀመጫ እደር» አለችው።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሼ ወልዴ «እትዬ፣ ታዲያ የበላነውን ተዝካር እንመልስ ወይ?» ብለው ቀለዱባት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

መቱ ላይ ጉም ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምራ ያስተማረችኝ ሕግ ነበር፤ ከጉም ውስጥ ሲጠሩሽ እስከ ሦስተኛው ድረስ አትመልሺ፣ ሙት ሦስተኛውን አይጠራም፣ ሕያው ሰው ግን ይጠራል ትለኝ ነበር። ደረጀ ማለዳ ማለዳ ከግቢው ጥግ አንዴ ሁለቴ «እማዬ» ይልና፣ መልስ ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። እሷም ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «አየሽ?» ትለኝ ነበር።

በጋው አልፎ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ሥራ ያጣው ወንድሜ የሚያውቀውን ስፓኒሽ ለልጆች ላስተምር ብሎ ተነሳ፣ ልምምዱንም በእኔ ጀመረ። ዱቄት ቀቅሎ በሩ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የውሃው እንስራ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ‹ፑዌርታ›፣ ‹ሲያ›፣ ‹አጉዋ›። በዚያን ጊዜ ለኦሮምኛ አዲስ የገባውን ቁቤ፣ የላቲኑን ፊደል፣ ተምሬ ስለነበር አነብበው ነበር። እናቴ ግን ማንበብ አትችልም፣ ሙቱ ቤቷን በክታብ ያሰረባት መሰላትና አንድ በአንድ እየላጠች እሳት ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ‹ውሃ› ነው እኮ የሚለው» አልኳት።

«ውሃውን ውሃ ብሎ መጻፍ ለምን አስፈለገው? ውሃ መሆኑ ጠፍቶን ነው? መስከረም ሳይጠባ ከዚህ ግቢ ይወጣል» ብላ ማለች። እሱ ደግሞ ከዚያ ግቢ ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አንድ ባዶ ክፍል ፈቀዱለት፣ እኛም ጎረምሶችና ኮረዶች ተሰበሰብን። መጽሐፍ የሚባል ነገር ስላልነበረ ጎደሬና ቃሪያ ከየቤታችን አስመጥቶ ገበያ ያስቆመን ነበር፤ በስፓኒሽ ያልተከራከረ አይገዛም። ከሁሉ የምንወደው ግን የአንሶላውን ጨዋታ ነበር። ክፍሉ መሐል አንሶላ ተሰቅሎ አንዱ ከኋላው ይቆምና፣ ድምፁን ለውጦ «ኪየን ሶይ?» ይላል፤ «ማን ነኝ?» ማለት ነው። እኛም ስሙን እንጠራለን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አብሮኝ ያደገ ልጅ ድምፅ የማላውቀው ፍጡር ድምፅ ሆኖ ሲመጣ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር።

አንድ ቀን ደረጀ ራሱ ከአንሶላው ኋላ ቆሞ «ኪየን ሶይ?» ሲል ማንም አልመለሰለትም። እናቴ ነጠላዋ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ተነሽ፣ ነይ ውጪ» አለችኝ። «ከሙት ትምህርት አይለመንም።»

ተነሳሁ፣ ግን ወደ እሷ አልሄድኩም፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ባሕር ማዶ አድጎ የቤታችንን ሕግ ረስቶታል፣ እኛም አልነገርነውም፣ ባልተነገረው ሕግ ግን በየማለዳው እንፈርድበት ነበር። ሌባ እንኳ ክሱ ተነብቦለት ነው የሚፈረድበት። ከአንሶላው ኋላ ገብቼ በጆሮው «ወንድም ጋሼ፣ እማዬ መጥታለች። ሦስት ጊዜ ጥራት፤ ሦስተኛውን የማይጠራ ሙት ነው» አልኩት።

«እማዬ» አለ። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«እማዬ።» የእናቴ እግር ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማሁ።

ለሦስተኛው አፉ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣው አለ፤ አጠገቡ ቆሜ ትንፋሹን ላዳምጥ ብሞክር አልሰማሁም፣ እጁን ብይዘው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። እናቴ ልክ ብትሆንስ ብዬ እጁን ለቀቅሁት። ይህን ጊዜ በተሰበረ፣ በሕፃን ልጅ ድምፅ፣ ሦስተኛውን ጠራ።

«ወዬ» አለች እናቴ። ቆየት ብላም፣ «ወዬ ልጄ። ይሄን ያህል ጊዜ ለምን ቶሎ ትተወኝ ነበር?»

መስከረም ሲጠባ ደረጀ ከቡናው ማስቀመጫ ወጥቶ ቤት ውስጥ ይተኛ ነበር። እናቴ ግን ሙት ዓመቱን አልተወችም፤ ቀኑ በደረሰ ቁጥር ዳቦ ትደፋ ነበር፣ እሱም ከእኛ ጋር ተቀምጦ ስለ ራሱ ነፍስ የተቆረሰውን ይበላ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ያለቀስኩለትም ልጄ ነው» አለችኝ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። የልጅ ልጄ እዚህ አጠገቤ ተጋድማ ስፓኒሽ ከስልኳ ትማራለች፤ የሴት ድምፅ ይጠይቃታል፣ እሷም ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አልኳት።

«ማንም አይደለችም፣ አያቴ። ስልኩ ነው።»

ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ እኛ በአንድ ክረምት የለቀምነውን ቃል በሳምንት ታውቀዋለች። ለእኔ ግን ዛሬም ፍርዱ አይዋጥልኝም፤ ሥጋና ደም የነበረው ወንድሜ ለገዛ እናቱ ሦስት ጊዜ መጣራት ነበረበት፣ ማንም ላልሆነው ድምፅ ግን ገና በመጀመሪያው ይመለስለታል።