የመቂዋ ሃምሳ ግራም

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያደልባል፣ ወይም በሩ ላይ ሱቅ ቢጤ ይከፍታል። የአዳማው አቶ ምልኬሳ ግን አሮጌ የሕክምና ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ያኔ ቅባቱም ዱቄቱም እዚያው እየተመዘነ ይቀመም ነበር። መርፌውም የብርጭቆ ነበር፤ በጣሳ ይቀቀላል፣ ጫፉ ሲዶለዱም በድንጋይ ይሳላል፣ ከዚያ እንደገና ይወጋበታል። ለዛሬ ልጅ ይህን ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል።

ከቆራሌው እየገዙ፣ ከተዘጋ ክሊኒክ እየለመኑ ሰርቪስ ቤታቸውን ሞሉት። በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ባለ መስታወት ማይክሮስኮፕ አለ፤ አዋላጆች የፅንስ ልብ የሚያዳምጡበት የእንጨት ቀንድ አለ፤ ሜርኩሪው ያለቀ የደም ግፊት መለኪያም አለ።

«ሰው ከሐኪም ቤት ይሸሻል፤ አንተ ሐኪም ቤቱን ጎትተህ ቤቴ አስገባኸው» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወይዘሮ ዲንቄ።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አንድ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የነሐስ መመዘኛ ድንጋዮቹ በየጉድጓዳቸው እንደ ጥርስ ተተክለዋል፤ በያንዳንዳቸው ራስ ላይ ትንሽ ኮከብ ተመትቶበታል። የሃምሳ ግራሙ ጉድጓድ ብቻ ባዶ ነው። ስድስት ዓመት ፈለጉት። ቆራሌው ሁሉ «የሃምሳው ሰውዬ» ይላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጀቤሳ፣ የሽንኩርት ደላላው፣ ሳጥኑን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነው እንዴ የሚፈልጉት? መቂ ቅመም የምትሸጥ ሰሊማ የምትባል ሴት አለች። ቅርንፉድ የምትመዝነው በእንዲህ ያለ ነው።»

በማግስቱ መቂ ሄዱ። ሰሊማ ወገኖቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ ግን እዚያው ገበያ ውስጥ ያደገች ሴት ናት። የሃምሳ ግራም ድንጋዩን ለእናቷ የሰጣት የመቂ መድኃኒት ቤት ሲዘጋ ቀማሚው ራሱ ነው። ኮከቡ ደብዝዟል እንጂ አለ። አቶ ምልኬሳ ቢለምኑ፣ ቢያግባቡ፣ እሷ ወይ ፍንክች።

«ጋሼ፣ ሰው ከዝዋይ ድረስ የሚመጣው ቅመሜ ከሰው ቅመም ስለሚበልጥ አይደለም። የሰሊማ ሚዛን ሐቅ ነው ብሎ ነው። እሱን ሰጥቼ ምን ይዤ ልቀመጥ?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳጥኑን ከነሚዛኑ በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሚኒባስ ወደ መቂ ተመለሱ። አዲስ የሃምሳ ግራም ድንጋይም ገዝተዋል፤ በሱ ሊለውጧት ነው።

«እስቲ የእርስዎ ሐቀኛ ይሁን አይሁን እንየው» አለች ሰሊማ። በአንዱ ሳህን የራሷን፣ በሌላው አዲሱን አስቀመጠች። አዲሱ ቁልቁል ወረደ።

«አያችሁልኝ!» አለች ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ። «የሳቸው ከበደ! እኔን አክስረው ሊሄዱ!»

«እኚህ ሽማግሌ ቅርንፉድሽን በነፃ ሊበሉ ነው የመጡት» አለች በርበሬ ሻጯ፤ ሴቶቹም ሳቁ።

አቶ ምልኬሳ አልሳቁም። ከሳጥኑ ሁለት ሃያና አንድ አስር አውጥተው በአዲሱ ትይዩ አስቀመጡ፤ ሚዛኑ ቀጥ አለ። አዲሱን አንስተው የሰሊማን አደረጉ፤ የሷ ሽቅብ ወጣ። የሷን ድንጋይ በባዶው ጉድጓድ ከተቱት፤ ሌሎቹ ጥብቅ ሲሉ እሱ ይወዛወዛል።

መልሰውላት፣ ሳጥኑን ዘግተው ቢሄዱ የድንጋዩን መጉደል ማንም አያውቅም ነበር። ቢናገሩ ደግሞ ሊወስዱት ብለው እንዳልሆነ በምን ያሳምናሉ? ለራሳቸውም ቢሆን እርግጠኛ አልነበሩም።

«በምን ነው የምታጥቢው?» አሉ።

«በሎሚና በአሸዋ ነዋ! ዓርብ ዓርብ ጠዋት፤ ቆሻሻ ይዞ እንዳያሳስተኝ። እናቴ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዓርብ አልዘለልኩም።»

«አሸዋው በልቶታል፣ ሰሊማ። ጎድሏል።»

ፊቷ ተለወጠ። «አሃ! በልመና እምቢ ስልዎት፣ አሁን ደግሞ በሌብነት መጡብኝ?»

ድንጋዩን ከሳጥኑ መንጭቃ ወደ ማዶ ወርቅ ቤት ተሻገረች። አቶ ምልኬሳ ተከተሏት። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ኢሕሳን በዲጂታል ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። አርባ ስምንት።

«ድገመው።»

«አርባ ስምንት ነው፣ እትዬ ሰሊማ። ደግነቱ የምትሸጪው ወርቅ አይደለም።»

«ቅርንፉድስ ሐቅ የለውም?» አለች። እጇ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የመዘነችላቸውን ሰዎች በልቧ የምትቆጥር ትመስል ነበር፤ ከነሱ ስንቱ ሞቷል፣ ስንቱ አገር ለቋል።

አቶ ምልኬሳ አሁን ትሰጠኛለች ብለው አሰቡ። በጎደለ ድንጋይ ምን ታደርግበታለች? ሳጥኑን እንኳ ከፈት አድርገው ጠበቁ።

ሰሊማ ወደ መደቧ ተመልሳ አዲሱን ድንጋይ ሳህኑ ላይ አኖረች። አሮጌውን ከፊቷ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠች። ወዲያው አንዲት ደንበኛ መጣች።

«ሃምሳ ቅርንፉድ።»

ሰሊማ መዘነችላት፤ ከዚያ በጣቷ ቆንጥራ ጨመረችላት። «በዚህ ድንጋይ እስከ ዛሬ ሳላውቅ አጉድዬብሻለሁ። አፉ በይኝ።»

ሴትዮዋ ድንጋዩን አየች፣ ሰሊማን አየች። «ለዚች ለዚች ነው እንዴ? አፉ ብዬሻለሁ፤ ግን እስቲ አንድ ቆንጥር ድገሚኝ።»

ሁለተኛዋ ደንበኛ አፉ ሳትላት ፌስታሏን ተቀብላ ሄደች። ሰሊማ በዓይኗ ሸኘቻት።

አቶ ምልኬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አሮጌው...»

«እሱማ አይሆንም፣ ጋሼ። ሳላሳይ በምን አፌ አፉ በሉኝ እላለሁ? ሰው ሁሉ አይቶ እስኪጨርስ እኔው ጋ ይቆያል።»

«መቼ ልምጣ ታዲያ?»

«የመዘንኩለት ሰው ሲያልቅ።»

«የመቂ ገበያተኛ መች ያልቃል?»

«አብሽሩ» አለች ሰሊማ፣ ዓይኗን ከምትመጣዋ ሦስተኛ ደንበኛ ላይ ሳትነቅል፤ «እኔም እሱኑ ነው የማስበው።»