ከመስቀል በኋላ የታዩ ቤቶች

አምቦ በሚገኘው የመንግሥት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩት በአንድ የሰኔ ሰኞ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በሕንፃ ምህንድስና መመረቄን የሚገልጸውን ወረቀት ለኃላፊው ዘረጋሁላቸው። አላነበቡትም።

«መሰላል ትወጫለሽ?» አሉኝ።

«እወጣለሁ።»

«የጭቃ ቤትስ ታውቂያለሽ?»

የተማርኩት ስለ ሲሚንቶ መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሲሚንቶውን በደንብ እይው» ብለው የቢሮውን ወለል በጫማቸው መታ አደረጉ። «ከዚህ ሌላ ብዙ አታገኚም።»

እውነታቸውን ነበር። ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ በአዋጅ ተወርሰው በዝቅተኛ ኪራይ የተሰጡት ቤቶች አብዛኞቹ በባሕር ዛፍ ቋሚ የቆሙ፣ በጭቃ የተመረጉና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ተቆጣጣሪዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጌዶ ደርሼ ስመለስ፣ መጀመሪያ ያየኋቸው የአዲስ ዓለም ቤቶች እንደገና ተበላሽተው ይጠብቁኛል።

በሁለተኛው ዓመት ምርመራውን ለአንድ የግንበኞች ማኅበር በውል እንድንሰጥ ሐሳብ አቀረብኩ። ኃላፊው ተስማሙ፤ ውሉንም እኔ ራሴ አረቀቅኩት። በአንቀጽ አምስት «ምርመራው የግድግዳ ቅብ ሳይነካ ይከናወናል» የሚል አሰፈርኩ። ምክንያት ነበረኝ። ቀደም ሲል ግድግዳ በመሮ እየፈለፈልኩ ስመረምር ነዋሪዎች ለቀበሌው ከስሰውኝ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ዳባ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የፈጁ፣ ማንበብ ግን የማይችሉ ሰው ነበሩ። ውሉን ቃል በቃል አነበብኩላቸው።

«የምናየው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከመስቀል በኋላ። መንገዱ ይደርቃል።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለመስቀል እኮ ሰው ሁሉ ቤቱን ይመርጋል። ሙሽራዋ ከተኳለች በኋላ ታምማ እንደሆነ እይልኝ ትይኛለሽ? በዚያ ላይ እንዳትነካት!»

የቢሯችን ጸሐፊ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ የመኪና ፕሮግራም መውጣቱን ገለጽኩላቸው። «እሺ፣ ውል ውል ነው» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ።

የጊንጪ ቤቶች የምርመራ ፎርሞች በጥቅምት መጨረሻ ገቡ። በግድግዳ ረድፍ ላይ ከሞላ ጎደል በሁሉም «የሚታይ ጉዳት የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ወደ መዝገቡ ሳዛውር «ደህና» ብዬ አሳጠርኩት። መዝገቡ ጥርት ያለ ነበር። ደስ ብሎኝም እንደነበር አልክድም።

በየካቲት የጊንጪ ክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ የሆኑት አዴ ደሚቱ በአውቶቡስ አምቦ ድረስ መጡ። የጥገና ማመልከቻቸውን መዝገቡን አይቼ የመለስኩባቸው እኔ ነኝ።

«የጓዳዬ ቋሚ እግር የለውም» አሉኝ። «ለመስቀል ስመርግ እጄ እስከዚህ ገባ።» ክርናቸውን አሳዩኝ።

«ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ፎርሙ።»

«ፎርሙ ማን ቤት ነው የሚያድረው? እኔ ጓዳው ውስጥ ነው የማድረው።»

መርማሪው እንዲያየው ሳይመርጉ ለምን እንዳልተዉት ጠየቅኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «በዓል ሲመጣ የተቦደሰ ግድግዳ ለእንግዳ ላሳይ? ምን ነካሽ?» አሉ። ማመልከቻቸው ላይ «በሚቀጥለው ዓመት ምርመራ ይታይ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ደረጃውን ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው፤ ቀልጣፋ አካሄድ ነበራቸው።

በሐምሌ፣ በቀትር፣ የጓዳው ግድግዳ ተደርምሶ ዳሌያቸውን ሰበረው።

በማግሥቱ ከኃላፊው ጋር ጊንጪ ሄድን። ሳይወድቅ በቀረው ቋሚ ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እርሳሴን ተጫንኩት፤ ያለ ችግር እስከ ጫፉ ገባ። ቅቡ ልስልስና ንጹሕ ነበር። ውስጡ ግን ምስጥ የተወው አፈር ብቻ ነው።

«የመርማሪው ማኅበር ቸልተኝነት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ ኃላፊው። «ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ነገሩም ያበቃል።»

ኦቦ ዳባ ባርኔጣቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። የሃያ ግንበኞች እንጀራ በዚያ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። አልተከራከሩም። «አንቀጽ አምስትን አንብቢልኝ» ብቻ አሉ። «እኔ ማንበብ አልችልም።»

ውሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ፣ ዝናብ እያካፋብን፣ ኃላፊው እየሰሙ አነበብኩት።

«ይህን ማነው የጻፈው?» አሉ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ።»

በሪፖርቱም ያንኑ ጻፍኩ፦ ጊዜውን የመረጥኩት፣ መሮ የከለከልኩት፣ «የሚታይ ጉዳት የለም» የሚለውን «ደህና» ያልኩት እኔ መሆኔን፤ ኦቦ ዳባ ሳይፈርሙ በፊት ማስጠንቀቃቸውንና አዴ ደሚቱ በአካል መጥተው መናገራቸውንም ጭምር። ማኅበሩ ፈቃዱን አላጣም። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የደረጃ ዕድገቴም ታገደ። ቅጣቱ ተገቢ ነበር።

አዲሱን ውል ከኦቦ ዳባ ጋር ተቀምጠን አዘጋጀነው። ምርመራው በሐምሌ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ቋሚ ከእግሩ በመሮ እንዲፈተሽ፣ የተነካውን ቅብ መርማሪው ራሱ መልሶ እንዲመርግ አደረግን። በፎርሙ አናት ላይም ከሁሉ በፊት የሚሞላ አንድ መስመር ጨመርን፦ «ነዋሪው ስለ ቤቱ የሚሉት»።

በተከታዩ ሐምሌ የመጀመሪያውን ፎርም ይዤ አዴ ደሚቱ ዘንድ ሄድኩ። ጓዳው በአዲስ ቋሚ ተሠርቷል። እሳቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ክሊኒኩ ወለል መወልወሉን አስትቶ በር ላይ ተቀምጠው ተራ እንዲያስይዙ አድርጓቸዋል።

«ፎርሙ ዘንድሮ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ገና ባዶ ነው። እርስዎ የሚሉትን ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው ጻፊ» አሉ። «ጣሪያው በምሥራቅ ማዕዘን በኩል ያፈሳል።»

ጻፍኩ። ከዚያ መሰላሉን አስመጥቼ ወጣሁ፤ ያፈስ ነበር።

ምርመራን ለሌላ በውል መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ግድ ይሆናል። የጭቃ ቤት ግን በክረምት፣ ከቋሚው እግር፣ ውስጡ የሚያድረውን ሰው አስቀድሞ በመጠየቅ ይመረመራል።