ስሙ ያልተጻፈው ባለሙያ

የያዙኝ ከሥራ ስወጣ ነው፤ ነጭ ጋዎኔን እንኳ አላወለቅሁም። አምቦ በተረበሸችበት ዓመት ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ስለነበር ሽታው ከሲሚንቶው አልለቀቀም። አሥራ ሰባት ሰው ተኝቶበታል። ከጭልሞ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ "ኮቱ፣ ና ልጄ" ብለው እግራቸውን ሰበሰቡልኝ። ሐኪም መስዬአቸው ኖሯል። ደም የምመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ከመሳቢያዬ የወሰዱት ቃለ ጉባኤ ተዘርግቷል፤ በአምቦና በዙሪያዋ የምንሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጉደር ላይ ተሰብስበን የያዝነው። "ራሳችንን በራሳችን እንቆጣጠራለን" የሚለው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

የምን ራስን በራስ ነው፣ ከጀርባችሁስ ማን አለ አለኝ። የሙያ ነው አልኩት። ከመካከላችን ሳያይ ውጤት የሚጽፍ ቢኖር፣ አለቃ እስኪደርስበት ሳንጠብቅ እኛው እንድናርመው ተስማምተን ነው። አላመነኝም። ገጹን ገልጦ "አንድ ባልደረባችን ከወባ ምርመራ ለአንድ ወር ታግዷል" የሚለውን አሳየኝ። ስም የለውም። የታገደው ሰው ቅር ተሰኝቶ ብዙ ይናገራል ብሎ አስቦ ይሆናል።

"ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ነገርኩት። አንዲት እናት ከእጃጂ መጥተው ለወባ ምርመራ ደም ሰጡ። ወረፋ በዝቶብኝ፣ ደማቸው የተቀባበትን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳላስቀምጥ "ወባ የለም" ብዬ ፈረምኩ። ከምሳ በኋላ ኅሊናዬ እረፍት ሲነሳኝ ተመልሼ አየሁት፤ ወባ ነበረ። ሮጬ መናኸሪያ ደረስኩባቸው። ማንም አላወቀብኝም። ስብሰባው ላይ ራሴ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ አገዱኝ።

"ራስህን ከሰስክ?"

"ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነበርኩ።"

አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። ስብሰባው ለአመፅ የተጠራ ነው ይላል። ከፈረምክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አለኝ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት።

"አንድ ጊዜ ያላየሁትን ፈርሜያለሁ" አልኩት። "አይደገምም።"

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። አዛውንቱ የሆነውን ጠየቁኝ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"ሴትየዋ ዳነች?"

"ድነዋል።"

"ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" አሉና ጋቢያቸውን አካፈሉኝ።

ስድስት ሳምንት ቆይቼ ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ዛሬም አምቦ እሠራለሁ። አዲስ ተመራቂ ሲመደብልን የእስሬን ነገር ከሌሎች ይሰማል፤ የስላይዱን ግን በመጀመሪያው ቀን እኔው አስቀምጬ እነግረዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በደንባችን የታገዱ ሦስት ባለሙያዎች አሉ። የሦስቱንም ጥፋት ሌላ ሰው አልደረሰበትም፤ ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩ።