ኦዲሽን ላይ የቀመስኩት ጥፊ

ከንፈሬ አሁንም እየደማ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጉርድ ሾላ ለአንድ ትንሽ ቲያትር ኦዲሽን ነበረኝ። ዋናዋን ካራክተር ልጫወት ስክሪፕቱን በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት።

ስክሪፕቱ ላይ ባሌ በጥፊ የሚመታኝ ቦታ አለ። የመድረክ ጥፊ ደግሞ ይታወቃል፤ እሱ አየር ይመታል፣ እኔ ድምፁ እንዲሰማ አጨበጭባለሁ። ባሌን የሚጫወተው ሰውዬ ግን እውነተኛውን አጮለኝና ተዘረርኩ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው።"

ዳይሬክተሩ ደግሞ "አሪፍ ነው፣ እስቲ ድገሙት" አይልም?

ሲደግም እኔም ስሜት ውስጥ ገባሁ። አፍንጫውን በቦክስ አልኩት።

"አንቺ ዲሲፕሊን የለሽም፣ ውጪልኝ" አለኝ ዳይሬክተሩ። የሰውዬው ጥፊ ተሰጥኦ፣ የእኔ ቦክስ ዱርዬነት መሆኑ ነው።

በር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ አፌን አየችና "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሊፒስቲኳን አስተካክላ ገባች።

እናንተስ፣ በ"ስሜት" ስም ማን መታችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ አውጡት።