እባብ የነደፈው ሌባና የቁልቢው ጃንጥላ

በአሮጌው የጨዋታ መጽሐፍ ሕግ ጸሎተኛ ሰው መጸለይ አይችልም ነበር። ቲቸር ከእንግሊዝኛው እየተረጎመ ሲያነብልን ጆሮዬን አላመንኩም። ወታደር ከመጀመሪያው ቀን ሰይፍ ይመዛል፤ ሌባ ከመጀመሪያው ቀን ይሰርቃል፤ ጸሎተኛ ግን አንድ ማዕረግ እስኪያድግ ጸሎቱ አይሰማም።

«እስከዚያ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«በዱላ ይማታል።»

«ይኼን የጻፈው ሰው የንስሐ አባት የለውም» አልኩ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ የሐረርጌ ልጅ፣ ቁልቢ ገብርኤልን እየተሳለምኩ ያደግሁ፣ በምደባ ተወርውሬ መተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኛለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከማላብ በቀር ሥራ አልነበረም። ታዲያ ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ትቶት የሄደውን ካርቶን ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን ገዳሪፍ ገበያ ገዝተው ሲከፍቱት፣ ከውስጡ አንድ መጽሐፍና ቁጥር የተጻፈባቸው ባለ ብዙ ገጽ ጠጠሮች አገኙ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ቲቸር አንብቦ ገባው። አንዱ ተረት ይተርካል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ፈጥረው ያ ሰው የሚያደርገውን ይናገራሉ፤ ነገሩ ይሳካ አይሳካ ጠጠር ተጥሎ ይለያል።

ከሱቁ ጀርባ ባለው የሣር ዳስ፣ በአገሬው አጠራር ራኩባ፣ ጥላ ሥር ሦስታችን ተጫወትን። ተራኪው ቲቸር ነው። ጨርቅ ሲለኩ ስንዝር ሳይመርቁ የማይቆርጡት ሀጂ ሌባ ሆኑ። «በዚህኛው ዓለም አላህ አይፈቅድልኝም፤ እዚያ እንኳ ይውጣልኝ» አሉ። እኔ አንዲት ጸሎተኛ እማሆይ ፈጠርኩ። ጠጠሩን ግን በእጄ አልነካም። በእኛ አገር የጠጠር ጣይ ደጅ እንኳ አይታለፍም። ስለዚህ ቲቸር ይጥልልኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የሀጂ ሌባ ዋሻ ውስጥ ወርቅ ፍለጋ እጁን ጉድጓድ ከተተና እባብ ነደፈው። ቲቸር ጠጠሩን ጣለ፣ አየ፣ ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሞታል።»

«ያ ሲስተር!» ጮኹ ሀጂ በዐረብኛ አጠራራቸው። «እማሆይሽ ትጸልይልኝ እንጂ!»

«ማዕረጓ አልደረሰም ሀጂ።»

«ጤና ጣቢያ ስመጣ መቼ ማዕረግ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? ዝም ብለሽ ትወጊኝ የለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ቲቸር ከካርቶኑ ሥር አንዲት ብጣሽ ማስታወቂያ አወጣ። ጨዋታው እንደ አዲስ ተሻሽሎ ሊታተም ነው፤ በአዲሱ ጸሎተኛ ከመጀመሪያው ቀን መጸለይ ይችላል ትላለች።

«እንግዲያው የሚሞት የለም» አሉ ሀጂ። «አዲሱ እስኪመጣ ሌባዬ እንደተነደፈ ይቆይ። ኸላስ፣ በቃ!» አዲሱን መጽሐፍ እንዲፈልግላቸውም ካርቱም ላለው አማቻቸው ላኩበት።

መጠበቅ ሆነ። የዋልካው ጭቃ መኪናውን ሁሉ ዋጠ። አንዳንድ ሾፌር እንደምንም ሲደርስ ሀጂ ስለ ጨርቃቸው ሳይጠይቁ ስለ መጽሐፉ ይጠይቃሉ። አንድ እሁድ የቀበሌው ሊቀመንበር ከች አለ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?»

«እባብ የነደፈው ሰው አለ፤ በሱ ጉዳይ እየተመካከርን ነው» አሉ ሀጂ። ውሸት አልነበረበትም።

ሊቀመንበሩ ቆቡን አወለቀ። «ነፍሱ አለች?»

«መድኃኒቱን ከካርቱም እየጠበቅን ነው።»

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። «እንዳለ ነው» እላለሁ። «አይ ጥንካሬ! ክረምቱን ሙሉ?» እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣ መጽሐፉ መጥቶ ሌባው ከዳነ ጃንጥላ ላስገባ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ከተሳልኩ በኋላ ደነገጥኩ። በተረት ሌባ ሊቀ መላእክት ይቸገራል? ሄጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ጠየቁኝ።

«ሌባው ክርስቲያን ነው?»

«ሀጂ ገና አልወሰኑም፣ አባ።»

«ቁልቢማ እስላሙም ይሳላል» አሉ። «ስለት ስለት ነው። ከተሰማልሽ ታስገቢያለሽ።»

መጽሐፉ የደረሰው በሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ከተማው ከደጋ በወረዱ የአጨዳ ሠራተኞች፣ በሳሉጎች፣ ሲሞላ። ሀጂ በደራ ገበያ ሱቃቸውን ዘጉ። ቲቸር ገጽ በገጽ ገለጠ። አገኘው። ጸሎተኛ ከመጀመሪያው ቀን ይጸልያል፤ ሆኖም ባለ ሃያ ገጹ ጠጠር ይጣላል፤ ከአሥር በላይ ከወጣ ጸሎቱ ተሰማ፣ ያለዚያ አልተሰማም። ጠጠሩን ሊያነሣ ሲል ሀጂ እጁን ያዙት።

«ይቺ እጅ ናት የገደለችኝ። ሲስተር ትጣል።»

«እኔ ጠጠር አልጥልም።»

«እንግዲያው ልሙታ።»

«ኧረ ሀጂ!»

«ወላሂ እሞታለሁ!»

አማተብኩ። ጠጠሩን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩና ወረወርኩት። ከምንጣፉ ወጣ፣ ተንከባለለ፣ በተደረደረው የሰሊጥ ጆንያ መካከል ገባ። ሀጂ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ በደረታቸው ተኙ። «እንዳትነኩት!» ጆንያ ተገፋ፤ ቲቸር አንገቱን አስግጎ አየ።

«አሥራ ሰባት» አለ። መጽሐፉን ገለጠና፣ «ግን ከምንጣፉ ስለወጣ እንደገና መጣል አለበት።»

«መልአኩ ጆንያ ሥር አይታየውም ነው የምትለው?» አሉ ሀጂ፣ እንደተኙ።

ቲቸር ወደኔ ዞረ። እኔ የራኩባውን ጣሪያ አየሁ። ሌባው ዳነ።

ታኅሣሥ ሲደርስ ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ያ ሰው ድኖ፣ ስለቱን ላስገባ» አልኩት። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ ማኅተሙን ወረቀቱ እስኪሰነጠቅ መታው። ለጃንጥላው ቀይ ከፋይና ወርቃማ ዘርፍ የሰጡኝ ሀጂ ናቸው። «ሌባዬ ባዶ እጅሽን አይልክሽም» ብለው።

ቁልቢ ላይ ስለት ተቀባዩ ቄስ ጃንጥላውን ተቀብለው ምን እንደተደረገልኝ ጠየቁኝ።

«እባብ የነደፈው ሰው ድኖልኝ ነው» አልኩ።

ለሕዝቡ ከፍ አድርገው ተናገሩት፤ እልልታው ተራራውን አናወጠው። የሰውየውን ሙያ አልጠየቁኝም።