ያዮ ጫካ ውስጥ ምልክት ስፈልግ

ባለፈው ሳምንት እዚህ መቱ፣ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ፍጥረት እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ ይመስልዎታል?» አለችኝ። «የዛሬው ርዕሳችን እሱ አይደለም» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ የምጽፈው ግን ጠፋኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ ገደማ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ጫካ ለጫካ ዞሬያለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ ታናሽ እህቴ ሰናይት በወባ ሞተችብን። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከቀብሯ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተውኩ። አባቴ ጨንቆት የንስሐ አባታችንን ጠራቸው። እሳቸውም አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ እስቲ ወጣ ብለህ ፍጥረቱን እይ፤ እሱ ራሱ ይነግርሃል» ብቻ አሉኝ። እኔም ነገሩን የምር ያዝኩት። መስከረም እንደጠባ ያዮ ወዳለችው አክስቴ ሄድኩ።

በእኛ አገር መስከረም ጠባ ማለት ዝናቡ አበቃ ማለት አይደለም። ጠዋት ጠዋት አክስቴ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ እኔ ጭቃውን እየረገጥኩ ጫካ እገባለሁ። ቡናው እዚህም እዚያም መቅላት ጀምሯል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንዘረፈፉ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ፀሐይ በቅጠሎቹ መሃል ሾልካ መሬት ስትነካ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ «እግዚአብሔር አለ!» እላለሁ ለራሴ። ትንሽ እልፍ ስል ደግሞ ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት ገብረ ጉንዳን ወሯት፣ ገና እየተንፈራገጠች ሲበላት አያለሁ። ጎደሬዬን መልሼ እቋጥራለሁ። ጠዋት አምኜ ከሰዓት በኋላ እየካድኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ እንኳ አቅቶኝ ስምንት ቀን ዞርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በጠባቡ መንገድ እየሮጡ መጡ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ጫልቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ኦቦ ደበላ አየኝና «ኮቱ፣ ቀቢ!» ብሎ ጮኸ፤ ና ያዝ ማለቱ ነው። አንዱ ሸክሙን ለቀቀልኝ። ትከሻዬን አስገባሁ።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ የግንዱን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ቆምን። ጫልቱ ማቃሰት ትታ ነበር። ማዶ ቡና የሚለቅም አንድ ሰው ቀና ብሎ አየን። አጠገቤ ያለው ተሸካሚ «ተርፋ ነው። ከደበላ ጋር በድንበር ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም» አለኝ በሹክሹክታ። ሰውየው ቅርጫቱን ጥሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ደረቱ ድረስ እየዋጠው ወደ እኛ ተሻገረና የቃሬዛውን ፊት ያዘ።

«ከፍ አድርገው» አለ ተርፋ ወደኋላ ሳይዞር።

«ይዣለሁ» አለ ደበላ።

ተሻገርን። ያዮ ጤና ጣቢያ ስንደርስ በር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ነርሷ ብቅ አለችና «ወንድ ነው። እናቱም ደህና ናት» አለች። ደበላና ተሸካሚዎቹ «ገለታ ዋቃ!» ብለው እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተቃቀፉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ንዴት ተከተለው።

ኦቦ ተርፋ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ይጨምቃል። «እርስዎ ይሄ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ይላሉ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? ሴትዮዋን አየሁ፣ ገባሁ።»

«እህቴንም እኮ ተሸክመናት ነበር!» ብዬ ጮህኩበት። «ለእሷም ሰው አልጠፋም! ታዲያ ለምን ሞተች?»

ተርፋ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ከቀብሯ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ፣ ከደረቀም በኋላ፣ ትቶኝ አልሄደም።

ዛሬ ጠጉሬ ሸብቷል። ስለ እግዚአብሔር መኖር ሰው ፊት የማቀርበው ማስረጃ አላገኘሁም። ያ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ያየሁትን ግን አላየሁም ማለት አልችልም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ ቅዳሴው ሳያልቅ ልቤ እረፍት ያጣና ወጥቼ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን እጓዛለሁ። ባለቤቴ የት ነበርክ ማለት ትታለች። ያን ጊዜ፣ ስሄድ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ሰናይትን ለምን እንደወሰዳት እየጠየቅሁት ነው፤ ሌላ ጸሎት አላውቅም።