የአስር ደቂቃው ፈተና

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። የገበሬውን ልጆች፣ ከብትና በቅሎ በሚመዘግቡ ቅጾች ላይ ያለውን መልስ ወደ ቁጥር የሚለውጥ አንድ ሰው ይፈልጋል። ቁጥሮቹን የሚያነባቸው አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ከመካከላችን ኮምፒዩተር ያየ አልነበረም። ባለሙያውም ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በመስታወት በኩል መሆኑን ሳይደብቅ ነገረን።

ለቦታው ስድስት ሰዎች ቀረብን። በደንብ የማስታውሰው ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ጭነት የሚያመላልሰውን ባለበቅሎ ነው። ዕድሜው አርባን አልፏል፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ጽሕፈቱም ያምራል። ጉልበቱ ተጎድቶ ወጌሻው «ሌላ ክረምት ዳገት ከወጣህ፣ በቅሎዋ ላይ የምትጫነው አንተ ራስህ ነህ» ብሎታል። ይህን ቦታ ካላገኘ ወደዚያው ዳገት መመለሱ ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ስሜ ኮምፒዩተር ከሚባለው ነገር ጋር እንዲነሳ ብቻ ነበር።

ባለሙያው ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ፈተናው አስር ደቂቃ ብቻ ነው። ሥራውን ማን በደንብ እንደሚሠራ አስቀድሞ ይነግረናል» አለ።

«አስር ደቂቃ?» አለ ባለበቅሎው። «እኛ በቅሎ ስንገዛ እንኳ ሦስት ቀን እናያታለን፤ ጥርሷን፣ ኮቴዋን፣ ዳገት ላይ አተነፋፈሷን።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የአእምሮ ፈተና ነው።»

«ገብቶኛል። የበቅሎም ዋናው አእምሮዋ ነው።»

መጀመሪያ ቁጥሮች ተነበቡልንና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንድንደግማቸው ተጠየቅን። በዚህ ባለበቅሎውን የሚስተካከለው አልተገኘም፤ ዳዊት በቃሉ ያጠና ሰው ነው። ቀጥሎ ወረቀት ላይ የተበታተኑ ክቦችን ከአንድ እስከ ሃያ አምስት በመስመር ማገናኘት መጣ። እኔ እርሳሴን ሳላነሳ ጨረስኩ። ቀና ስል ባለበቅሎው ገና ስድስት ላይ ነው። መስመሩ ከክብ ወደ ክብ በቀጥታ አይሄድም፤ ይጠማዘዛል፣ ይዞራል፣ ሌሎቹን ክቦች በሩቁ ያልፋል።

«ጋሼ፣ በቀጥታ ይሂዱ እንጂ» አለው ባለሙያው።

«በቀጥታ የሄደ ገደል ይገባል፣ ጌታዬ።»

«ወረቀት ላይ ምን ገደል አለ?»

«እርስዎ አላዩት ይሆናል።»

ሰዓቱ አለቀ። ውጤቱ ሲነገር እኔ አንደኛ፣ እሱ ስድስተኛ ሆንን። «እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ለመስታወቱ ሰላም በልልኝ» አለኝና ጉልበቱን እያሻሸ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ባለሙያው ጠንቃቃ ሰው ስለነበር ፈተናው ትክክል መሆኑን ሊያሳየን በማግስቱ ሁላችንንም እውነተኛውን ሥራ አሠራን። ከበየዳ የመጡ ቅጾች ታደሉን። ደንቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መልስ ሁለት ባዶ ቤቶች አሉ፤ ቁጥሩ ከአስር ካነሰ ፊተኛው ቤት ውስጥ ዜሮ ይጻፋል። እኔ እስከ ምሳ አርባ ቅጽ ጨረስኩ። ባለበቅሎው አስራ ሁለት። ጭነት እንደሚያመዛዝን ሰው ግራውንም ቀኙንም እያየ፣ እያንዳንዱን ቤት በጣቱ እየነካ ነበር የሚያልፈው።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው የእኔን ቅጾች አገላብጦ አየ። ዜሮዎቹን ረስቻለሁ፤ ቁጥሮቹን ፊተኛው ቤት ውስጥ ጽፌ ኋለኛውን ባዶ ትቻለሁ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ባዶውን ዜሮ ብሎ ነው የሚያነበው። በእኔ ሥራ መሠረት አንድ የበየዳ ገበሬ ሰባ ልጆች ወልዷል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሠላሳ በቅሎዎች አሏት።

ባለበቅሎው ቅጹን ተቀብሎ አየው። «ይችን ሴትዮ ማን ደብቋት ነው?» አለ። «ቀድሜ ባውቃት ኖሮ አገባት ነበር፤ ጉልበቴም አይታመምም ነበር።»

በእሱ አስራ ሁለት ቅጾች ላይ አንድም ስህተት አልተገኘም።

ለእውነቱ ያህል፣ የሌሎቹን አራት ሰዎች ሥራ ፈተናው በትክክል ገምቶታል። የሳተው ሁለታችንን ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ደጋግሞ ነገረን፤ ልክም ነበር። ችግሩ ቦታው አንድ ሲሆን የሳታቸው ደግሞ አንደኛውና ስድስተኛው መሆናቸው ነው። የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ብትሆን ማንን ትቀጥራለህ?»

ስለ ሰባዎቹ ልጆች አሰብኩ። «እሱን» አልኩ።

ባለበቅሎው በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ቅዳሜ ዳባት ገበያ ወርዶ ከሦስት በቅሎዎቹ ሁለቱን ሸጠ። ሦስተኛዋን ለምን እንዳስቀራት ስጠይቀው ከቅጹ ላይ ጣቱን ሳያነሳ መለሰልኝ።

«እሷ ስትከርም አይቻታለሁ። ኮምፒዩተሩ ሲከርም ግን ገና አላየሁም።»